ከመፍታት በፊት መመዝገብ፦ ሕልም እንዴት ይጠናል?

ልጅ ሆኜ ሐዋሳ ባደግኩበት ቤት የጠዋት ቡና ሲፈላ መጀመሪያ የሚነሣው ወሬ ሌሊት የታየው ሕልም ነበር። አያቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው የእያንዳንዳችንን ሕልም በተራ ይሰማሉ፤ ደግ የመሰላቸውን «መልካም ያድርገው» ብለው ይቀበሉታል፣ ክፉ የመሰላቸውን «ሕልም እልም» ብለው ያባርሩታል። እኔን ግን ከፍቺው ይልቅ ሌላ ነገር ያስገርመኝ ነበር። አንድ እራት በልተን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተን ሳለ ታላቅ ወንድሜ በየጠዋቱ ረጅም ሕልም ይዞ ሲነሣ፣ እኔ ባዶ እጄን የምነሣው ለምንድን ነው? ጥያቄው እስከ ዛሬ አልተለየኝም፤ በእርሱ ምክንያት ስለ እንቅልፍ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ከራስጌዬም ደብተርና እርሳስ ሳላነሣ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ሁሉ ንባብ ዋና ሆኖ ያገኘሁት ነገር፣ ሕልም ምን ማለት እንደ ሆነ ከመጠየቅ በፊት መቼና በምን ዓይነት እንቅልፍ ውስጥ እንደ ታየ መጠየቅ እጅግ ብዙ እንደሚያስተምር ነው።

ሕልምን ለጥናት አስቸጋሪ የሚያደርገው ምስክሩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ያ ምስክር ነገሩን ያየው ተኝቶ ነው፤ ቃሉን የሚሰጠው ግን ከነቃ በኋላ ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ሙሉ የነበረው ታሪክ ፊቱን ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ ግማሹ ይጠፋል፤ የቀረውም ግማሽ ለሰሚ እንዲጥም ሳይታወቅ ይጠጋገናል። ስለዚህ ለብዙ ዘመናት ሊቃውንቱ በእጃቸው የነበረው ጠዋት የተነገረ ትረካ ብቻ ነበር። ትረካውን መፍታት ይችሉ ነበር፤ ሕልሙ የታየበትን ሰዓት የሚያውቁበት መንገድ ግን አልነበራቸውም።

ይህን የለወጠው መሣሪያ ነው። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሐንስ በርገር በየና ከተማ በ1924 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሰውን አንጎል ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቅል ላይ መዘገበ፤ ሥራውንም በ1929 አሳተመ። ዛሬ ኢኢጂ የምንለው ምርመራ መነሻው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅሱ የአንጎሉን ሁኔታ ከወረቀት ላይ ማንበብ ተቻለ።

ሕልምን ከአንድ የተለየ የእንቅልፍ ዓይነት ጋር ያገናኘው ግኝት የመጣው ግን ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ የነበረው ናትናኤል ክላይትማን ዕድሜውን ለእንቅልፍ ጥናት የሰጠ ሰው ነበር። በ1938 ከተማሪው ከብሩስ ሪቻርድሰን ጋር በኬንታኪ ማሞዝ ዋሻ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ሳያይ 32 ቀን ተቀመጠ፤ ዓላማውም የሰው አካል 28 ሰዓት ርዝመት ያለው «ቀን» መልመድ ይችል እንደ ሆነ በራሱ ላይ መፈተን ነበር። ወጣቱ ሪቻርድሰን ለመደው፤ ከ40 ዓመት ያለፈው ክላይትማን ግን አልቻለም። ስለዚህ ሰው ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ በ1895 ተወልዶ በ1999 በ104 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ይህ ፍላጎት አልተለየውም።

የክላይትማን ተማሪ ዩጂን አሰሪንስኪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤሌክትሮዶችን በ8 ዓመት ወንድ ልጁ ዓይኖች ዙሪያ አጣብቆ ሌሊቱን ሙሉ ይከታተል ጀመር። ልጁ ተኝቶ ሳለ የመሣሪያው ብዕሮች በየተወሰነው ጊዜ በኃይል ይወዛወዙ ነበር፤ የነቃ ሰው ዓይን የሚንከራተት ይመስላል፣ ልጁ ግን እንቅልፍ ላይ ነበር። ውጤቱ በ1953 ታተመ። ያ ፈጣን የዓይን እንቅስቃሴ ያለበት እንቅልፍ ነው፤ እኔ እዚህ ለአጭርነት የሕልም እንቅልፍ እለዋለሁ። ከዚያም ዊልያም ዲመንት ከክላይትማን ጋር ሆኖ ነገሩን በቁጥር ፈተነው። በ1957 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን በዚህ እንቅልፍ ውስጥ ሳሉ 191 ጊዜ ሲቀሰቅሷቸው 152 ጊዜ ሕልም እያዩ እንደ ነበር ተናገሩ፤ ከሌላው እንቅልፍ 160 ጊዜ ሲቀሰቅሷቸው ግን ሕልም የተናገሩት 11 ጊዜ ብቻ ነበር። በአሠራሩ ቀላልነት እስከ ዛሬ እደነቃለሁ። ሕልሙን ማንም አልፈታውም፤ ሰውየውን በታወቀ ሰዓት ቀስቅሰው «ምን ነበር?» ብለው ጠየቁት፣ የመለሰውንም ጻፉ።

ይህን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር እንየው። ምሽት 4 ሰዓት የተኛ ሰው መጀመሪያ በሸለብታ ያልፋል፤ ከዚያ ቀላል እንቅልፍ ይመጣል፤ ቀጥሎም የአንጎል ሞገድ ትልቅና ዝግተኛ ወደሚሆንበት ጥልቅ እንቅልፍ ይወርዳል። በዚህ ጥልቀት ያለን ሰው ቢቀሰቅሱት የት እንዳለ እንኳ ለጊዜው ግራ ይገባዋል። ከተኛ ወደ 90 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ተመልሶ ይወጣና ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሕልም እንቅልፍ ይገባል። ይህ ዙር በአንድ ሌሊት አራት ወይም አምስት ጊዜ ይደገማል፤ ዙሮቹ ግን እኩል አይደሉም። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በሌሊቱ መጀመሪያ ነው፤ የሕልም እንቅልፍ ደግሞ ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ የሕልም ሰዓት ነው ብንል አንሳሳትም። በአዋቂ ሰው የሕልም እንቅልፍ ከጠቅላላው እንቅልፍ ከአምስት እጅ አንዱን ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጠውን ሲይዝ፣ አዲስ በተወለደ ሕፃን ግማሽ ያህል ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያና የመስጊድ አዛን ንጋት ላይ ቀስቅሶን ሕልማችንን አንጠልጥለን የምንነሣው፣ መቀስቀሻው የሕልም እንቅልፍ በበዛበት ሰዓት ስለሚደርስ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አያቴ ይወዱት የነበረው የፈርዖን ታሪክ ትዝ ይለኛል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ፈርዖን የሰባቱን ላሞች ሕልም አይቶ እንደ ነቃ፣ ደግሞ ተኝቶ የሰባቱን እሸቶች ሕልም እንዳየ ይናገራል። በመካከል መንቃቱ የታሪኩ ጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን የሕልም ትዝታ የሚጠራቀምበትን መንገድ በትክክል የሚያሳይ ሆኖ አገኘዋለሁ። አንጎል ተኝቶ ሳለ አዲስ ትዝታን አጥብቆ አይይዝም፤ ሕልሙ እንዲቀር ሰውየው ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን መንቃት አለበት። በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የተደረገ ጥናት ሕልማቸውን ዘወትር የሚያስታውሱ ሰዎች በአንድ ሌሊት ውስጥ በድምሩ ወደ 30 ደቂቃ ያህል እንደሚነቁ፣ የማያስታውሱት ግን ግማሹን ያህል ብቻ እንደሚነቁ አሳይቷል። «እኔ ሕልም አላይም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕልም አጥቶ አይደለም፤ እንቅልፉ ሳይቆራረጥ እየነጋለት ነው።

ይሁን እንጂ «የሕልም እንቅልፍ» የሚለው ስም ራሱ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በ1962 ዴቪድ ፎልክስ ጥያቄውን ለወጠው፤ የቀሰቀሳቸውን ሰዎች «ሕልም እያየህ ነበር?» በማለት ፈንታ «በሐሳብህ ምን እያለፈ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። በዚህ ጊዜ ከሌላው እንቅልፍ ከተቀሰቀሱትም ከግማሽ የሚበልጡት የሚናገሩት ነገር ነበራቸው፤ ብዙው ግን አጠር ያለ፣ ምስሉ የሳሳ፣ ከሕልም ይልቅ ለሐሳብ የሚቀርብ ነበር። ከዚህ የምወስደው የጥያቄው ቃል መልሱን እንደሚቀርጸው ነው። ጠዋት ልጁን «ምን ሕልም አየህ?» የሚል ወላጅና «ስትነቃ ምን ታየህ?» የሚል ወላጅ የሚያገኙት መልስ አንድ አይደለም።

ለብዙ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ጉዳይ ግን ዱካክ ይመስለኛል። ሰውየው ይነቃል፤ ጣሪያው ይታየዋል፣ የጎረቤት ድምፅ ይሰማዋል፤ እጁን ሊያነሣ ሲል ግን አይታዘዝለትም፣ ሊጮኽ ሲል ድምፁ አይወጣም። ደረቱን የሚጫነው ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜም በክፍሉ ውስጥ አንድ ክፉ አካል የቆመ ይመስለዋል። ያየው ሰው ፍርሃቱን አጋንኖ እንደማይናገር እኔ ራሴ በደረሰብኝ ጊዜ አረጋግጫለሁ። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ 1959 እና እንደገና ወደ ሊዮን መመለስ ያስፈልጋል። ሚሼል ዡቬ ድመቶችን ሲያጠና በሕልም እንቅልፍ ውስጥ አንጎል እንደነቃ ሰው አንጎል ሲሠራ፣ የሰውነት ጡንቻዎች ግን ፈጽመው እንደሚዝሉ አገኘ። ይህን የሚያደርገው የአንጎል ግንድ ነው፤ ከዚያ የሚነሣ ትእዛዝ እስከ አከርካሪ ወርዶ ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱ ነርቮችን ዝም ያሰኛል። ዡቬ ያንን የአንጎል ክፍል ያጎደለባቸው ድመቶች እንቅልፍ ላይ ሳሉ ተነሥተው እንደሚያድኑና እንደሚጣሉ ሲሆኑ ታዩ። ማሰሪያው ስላለ ነው እኛ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ የማንወድቀው።

ዱካክ ማለት እንግዲህ ንቃቱ ቀድሞ ማሰሪያው የዘገየበት ቅጽበት ነው። አእምሮ ነቅቷል፣ ዓይንም ተገልጧል፤ ጡንቻ ግን ገና በሕልም እንቅልፍ ሕግ ውስጥ ነው፣ የሕልሙም ምስል አልጠፋም፤ በክፍሉ ውስጥ የቆመው አካል የሚመጣው ከዚያ ነው። የደረት መጫኑም ምክንያት አለው። በዚህ እንቅልፍ ጊዜ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ሥራውን ይቀጥላል፣ ሌሎቹ ረዳቶቹ ግን ስለሚዝሉ ሰውየው በፈቃዱ በረጅሙ ልተንፍስ ሲል አይችልም፤ ያንንም እንደ ክብደት ይቆጥረዋል። በ2011 የታተመና ከ36,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች ያሰባሰበ ሥራ ከሰዎች 8 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚደርስባቸው፣ በተማሪዎች ዘንድ ግን ቁጥሩ ወደ 28 በመቶ እንደሚደርስ አሳይቷል። ለፈተና ሌሊቱን ሲያነብ የከረመ ተማሪ ዱካክ ቢጫነው የሚያስደንቅ አይደለም፤ የእንቅልፍ እጦትና የተዘበራረቀ የመኝታ ሰዓት በጀርባ ከመተኛት ጋር ተዳምረው ያባብሱታል። ነገሩ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ በራሱ ያልፋል፤ የደረሰባቸው ብዙ ሰዎች አንድ ጣት ወይም ምላስን ለማንቀሳቀስ መሞከር ያስፈታል ይላሉ። ጸሎት የሚያረጋጋው ሰው ይጸልይ፤ እኔም እጸልያለሁ። ዱካኩ ከተደጋገመና ቀን ቀንም ሊቋቋሙት የማይቻል እንቅልፍ ከተጨመረበት ግን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ጫት የሚቅሙ ሰዎች ዱካክን በሌላ መልኩ ያውቁታል። በአገራችን ጫት ያቆመ ሰው በተከታታይ ሌሊቶች የሚያየውን ከባድ ቅዠት ዱካክ ይሉታል፤ ጫት ከከተማችን ደጅ በሚበቅልበት በሲዳማ ምድር ይህን ያልሰማ ጥቂት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ዋና አነቃቂ ካቲኖን ሲሆን በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ የተለየ ነው፤ አሠራሩም ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። እንደ አምፌታሚን ያሉ አነቃቂዎች የሕልም እንቅልፍን ይጨቁናሉ። ዲመንት በ1960 እንዳሳየው ደግሞ የሕልም እንቅልፍ የተከለከለ ሰው ክልከላው ሲነሣለት ያጣውን ለማካካስ ከወትሮው አብልጦ ይተኛዋል። የጫቱም ነገር በዚህ መንገድ ይገባኛል፤ ሲቀም የተገፋው ሕልም ሲቆም በአንድነት ይመለሳል። ይህን ለሚያቆም ሰው አስቀድሞ መንገር ትልቅ ርዳታ ነው፤ ብዙው ሰው ቅዠቱን ፈርቶ ወደ ጫቱ ይመለሳልና። መጠጥም በተመሳሳይ መንገድ የሌሊቱን መጀመሪያ ሕልም ቀንሶ መጨረሻውን ያበዛዋል።

ከዱካክ ተቃራኒ የሆነ ሕመምም አለ፤ እርሱን ማወቅ ለቤተሰብ ይጠቅማል። በ1986 ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሆዋልድ በሚኒሶታ ማሰሪያው የላላባቸውን፣ በሕልማቸው ሲጣሉ በእውን የሚማቱና የሚራገጡ ሰዎችን ገለጹ። ሕመሙ በአብዛኛው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ወንዶች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ፓርኪንሰን ወይም እርሱን የሚመስል የአንጎል ሕመም እንደሚይዛቸው ተረጋግጧል። አባታችን በእንቅልፋቸው እናታችንን ቢመቱ «ቃዡ» ብለን ስቀን ማለፍ የለብንም፤ የነርቭ ሐኪም ይያቸው።

መድኃኒትም ሕልምን ይለውጣል። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ለኤችአይቪ በስፋት ሲሰጥ የነበረው ኤፋቪሬንዝ ቁልጭ ያሉ፣ አንዳንዴም አስፈሪ ሕልሞችን በማምጣት የታወቀ ነው፤ ለወባ መከላከያ የሚወሰደው ሜፍሎኩዊንም እንዲሁ። ስንቱ ሰው ያንን ሕልም መርዶ አድርጎ ቆጥሮት በጭንቀት እንደ ኖረ ሳስብ ያመኛል። ሕልሙ መድኃኒቱ በተጀመረ ሰሞን ከመጣ ለሐኪም መንገር ነው እንጂ በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም።

ለተደጋጋሚ ቅዠት በቀላሉ የሚሰጥ ሕክምናም አለ። በ2001 ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ ጾታዊ ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ ሞክረው ቅዠትን እንደሚቀንስ ያሳዩት ዘዴ ይህ ነው፦ ሰውየው ቅዠቱን ይጽፋል፣ ከዚያ እንደ ፈቀደ ይለውጠዋል፤ አዲሱንም ታሪክ በየቀኑ ነቅቶ ሳለ ለጥቂት ደቂቃ በሐሳቡ ይመላለስበታል። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው አባባል ለወደፊቱ ዕድል ይሠራ ይሆን ወይ የሚለውን ለሌሎች እተዋለሁ፤ ነገ ሌሊት ለሚመጣው ሕልም ግን በእርግጥ ይሠራል።

ስለ ቡና ሳልናገር ባልፍ ደግሞ የቤታችን ነገር ይጎድላል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አደኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘናል፤ ካፌይን አደኖሲን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። በአብዛኛው ሰው የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ምሽት 2 ሰዓት በረካ የጠጣ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግማሹ አሁንም በደሙ ውስጥ አለ። ሌላው የእንቅልፍ ገዥ በአንጎል ውስጥ ያለው ሰዓት ነው። ያ ሰዓት በራሱ ሲተው ከ24 ሰዓት ትንሽ ይረዝማል፤ በየዕለቱ የሚያስተካክለውም የንጋት ብርሃን ነው። እኛ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ እንቆጥራለን፤ አንጎላችንም እንደዚያው የሚቆጥር ስለ ሆነ ይህ አቆጣጠር በጣም ደስ ይለኛል፤ ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ሌሊት ሲጠብቅ አድሮ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚተኛ ዘበኛ ግን ከዚህ ሰዓት ጋር ይጋጫል። የሕልም እንቅልፍ በአንጎል ሰዓት የሚመራ ስለ ሆነና ጠዋት ስለሚበረታ፣ እንዲህ ያለው ሰው እንደ ተኛ ቶሎ ወደ ሕልም ሊገባ ይችላል።

ምስክሩ የሚናገረው ከነቃ በኋላ ብቻ ነው ማለቴ ግን ከ1975 ወዲህ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ ሐል ዩኒቨርሲቲ ኪት ሐርን የሚከታተለው አለን ዎርስሊ ሕልም ውስጥ መሆኑን እያወቀ፣ አስቀድመው እንደ ተስማሙት ዓይኖቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በማንቀሳቀስ ምልክት ላከ። ጡንቻ ሁሉ ሲታሰር ዓይን አይታሰርምና። በ2021 ደግሞ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በኔዘርላንድስ የሚገኙ አራት ቤተ ሙከራዎች ከ36 ሰዎች ጋር ባደረጉት ሙከራ፣ ለተኛው ሰው «ከ8 ላይ 6 ሲቀነስ?» ዓይነት ጥያቄ ጠይቀው በዓይን እንቅስቃሴ ትክክለኛ መልስ አገኙ። ትክክለኛ መልስ የተገኘው ከአምስት ሙከራ በአንዱ ገደማ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሕልም እያየ ያለ ሰው ከውጭ ሲጠየቅ ሰምቶ አስልቶ መለሰ።

እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ የሌለው ሰው ማድረግ የሚችለው መመዝገብ ነው፤ ይህም ትንሽ ሥራ አይደለም። ካልቪን ሆልና ሮበርት ቫን ደ ካስል በ1966 ያሳተሙት ዘዴ የተመሠረተው 200 ተማሪዎች በጻፏቸው 1,000 ሕልሞች ላይ ነበር፤ ሕልሞቹንም ከመፍታት ይልቅ በውስጣቸው ስንት ሰው፣ ስንት ጠብ፣ ስንት ወዳጅነት፣ ስንት መከራ እንዳለ ቆጠሩ። እኔም የምከተለው ይህንኑ ነው። ስነቃ አልነቃነቅም፣ ስልኬን አላነሣም፤ የመጨረሻውን ምስል ይዤ ወደ ኋላ እየተመለስኩ እጽፋለሁ፤ የነቃሁበትን ሰዓት፣ ምን እንደ ቀሰቀሰኝና ምሽቱን ቡና መጠጣት አለመጠጣቴን አክልበታለሁ። ፍቺ የሚጻፍበት ቦታ በደብተሩ ላይ የለም።

ባለፈው ዓመት ይህን ደብተር ለወንድሜ አሳየሁትና የልጅነታችንን ጥያቄ አነሣሁበት። እርሱ በዚያ ቤት ውሻ በጮኸ ቁጥር፣ ዝናብ ቆርቆሮውን በመታ ቁጥር ይባንን እንደ ነበር፣ እየተነሣ በመስኮት እያየ ተመልሶ ይተኛ እንደ ነበር ነገረኝ። እኔ ከጎኑ ሆኜ አንዱንም ሰምቼ አላውቅም።